የማሽላው ላብ

ከዚህ በታች ከማሰፍረው ውስጥ ጥቂቱን አሳስቼ ሊሆን ይችላል። አያ ፈረደ ከራሳቸው የማይለዩት የሱፍ ቆብ ግራጫ ይሁን ሰማያዊ እርግጠኛ አይደለሁም። የተዋወቅነው ኢየሩሳሌም አጠገብ ካለው የአዲስ መጤዎች ማረፊያ፣ መቫሰረት ጽዮን በገባሁ በስንተኛው ወር እንደ ሆነም ጠፍቶብኛል። ንግግራቸውን በቃሌ እንደ ያዝኩት አድርጌ ስጠቅስም አንባቢ ቢጠረጥረኝ አልቀየምም። ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ትዝታዬን አምነው ተጎድተዋል።

ልጃቸው ዝናሽ የደወለችልኝ ጠዋት ላይ፣ ክፍል ልገባ ስል ነበር። «አባዬ ዐረፈ» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ «ባለፈው ሳምንት ስላንተ ጠይቆኝ ነበር፤ ያ ተማሪ ደህና ነው ወይ ብሎ» አለች። በዚያን ጊዜ ራሴ አስተማሪ ከሆንኩ ቆይቻለሁ፤ ጠጉሬም ሸብቷል። ለአያ ፈረደ ግን እስከ መጨረሻው ተማሪው ነበርኩ። ስሜን የጠሩበትን ቀን አላስታውስም፤ ይህም ቢሆን ከማላምናቸው ትዝታዎቼ አንዱ ነው።

አያ ፈረደ ከጎንደር፣ ከወገራ በኩል የመጡ ቤተ እስራኤላዊ ጎተራ ሠሪ ነበሩ። ዘመዶቻቸው አንጥረኞችና ሸማኔዎች ሲሆኑ እሳቸው ሽመል ጠልፈው፣ በጭቃና በእበት ለስነው፣ እህል የሚያድርበትን ቤት መሥራት ያዙ። የአካባቢው ክርስቲያን ገበሬ በሌላው ነገር ቢርቃቸውም እህሉ የሞቀበት ዕለት መልእክተኛ ይልክባቸው ነበር። ሲሄዱ አንድ ረጅም የወይራ ዘንግ ብቻ ይይዛሉ። ዘንጉን ጎተራው ውስጥ እስከ ወገቡ ይሰኩትና ከባለቤቱ ጋር ስለ ከብትና ስለ ልጆች ይጫወታሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይመዙትና ጫፉን ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል። «እጅ ይዋሻል፤ ሥራ አደንድኖታል። ከንፈር ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር።

መቫሰረት ጽዮን ውስጥ የሁለታችን በር ትይዩ ነበር። እኔ አገር ቤት የፊዚክስ ዲግሪ ይዤ መጥቼ የማስተርስ ትምህርት ለመጀመር የምጠባበቅ ሰው ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ መጽሐፍ ይዤ ሲያገኙኝ ምን እንደማጠና ጠየቁኝ። በተቻለኝ መጠን አቅልዬ ነገርኳቸው፤ አሸዋን፣ አፈርን፣ እህልን የመሰለ በውስጡ ክፍተት የሞላው ነገር አንድ ወገኑ ሲሞቅ ሌላው ሲበርድ፣ ማንም ሳይነፋው አየሩ በክፍተቶቹ መካከል በራሱ ጊዜ ይዞራል፤ ሙቀትንም እርጥበትንም ተሸክሞ ይጓዛል፤ የማጠናው ይህንን ነው አልኳቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ይህን ለማወቅ ነው ባሕር የተሻገርከው?»

ስቄ አለፍኩት። መሳቅ አልነበረብኝም። እኔ በቀመር የምፈልገውን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘውት ነበር፤ «እህል ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ የተኛ ደግሞ ያልበዋል» ይሉ ነበር። ሌላም አባባል ነበራቸው። እህል ሁሉ አንድ ዓይነት አያልበውም ወይ ብላቸው፣ «ጤፍ ትንፋሹን ይውጣል፤ ማሽላ ግን ያንኮራፋል» አሉኝ። ፍሬው በደቀቀ መጠን በመካከሉ ያለው መተላለፊያ ይጠባል፤ አየሩም መዞር ያቅተዋል። ፍሬው ትልቅ ሲሆን መንገዱ ይከፈትለታል። ይህንን እኔ በምልክቶችና በቁጥሮች ጽፌ እስክጨርስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር የነገሩኝ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ጊዜ ቤተ ሙከራችንን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። በጥቃቅን የመስታወት ጠጠሮች የተሞላ አንድ የመስታወት ሣጥን ነበረን፤ በጠጠሮቹ መካከል ውሃ አለ፤ ከታች ሲሞቅ ቀይ ቀለም በመካከል ሽቅብ ይወጣና በጎንና በጎን ይወርዳል። አያ ፈረደ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ እኮ ጎተራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መስታወት አድርጋችሁ ሆዱን ገለጣችሁት።»

ፕሮፌሰሬ ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። ደስ አለው። ይህንን ዝውውር ለማስቆም ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠይቅልኝ አለ። አያ ፈረደ እንደማያስቆሙት መለሱ። በብርድ ጊዜ የውጪው እህል ይቀዘቅዛል፣ የመካከሉ ግን ሲከተት የነበረውን ሙቀት እንደ ያዘ ይቆያል፤ ሙቀቱ ላቡን ተሸክሞ መውጣቱ አይቀርም፤ ሊቃውንት ከሆናችሁ መውጫ ስጡት እንጂ አትከልክሉት አሉ። በአገራቸው ውርጭ ሲበረታ የጎተራውን አፍ ለጥቂት ቀናት ይከፍቱት ነበር። ፕሮፌሰሩ «ይህን ጻፈው» አለኝ። አልጻፍኩትም። ማስታወሻ ደብተሬ እጄ ላይ ነበር፤ ለምን እንዳልጻፍኩት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ባለ አንድ ያረጀ የድንጋይ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አያ ፈረደ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ይመጡና ከጎረቤቴ ከአባ ተክለ ጋር ይጨዋወታሉ። አባ ተክለ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ በዴር ሡልጣን የሚያገለግሉ መነኩሴ ናቸው። አንድ ቀን በዚያ ጣራ ላይ ባለች የገዳም ክፍላቸው ያስቀመጡት ስንዴ መሽተት እንደ ጀመረ ሲነግሩን ሦስታችንም በእግር ወረድን። አያ ፈረደ በርሜሉን ከድንጋዩ ወለል አንሥተው በእንጨት ላይ አስቀመጡት፤ ከግድግዳውም አራቁት፤ ረፋድ ላይ ብቻ እንዲከፈትም አዘዙ። ስንመለስ አባ ተክለ ስለ ደግነታቸው ሲያመሰግኗቸው «ጸሎታችን ይለያያል እንጂ ነቀዛችን አንድ ነው» አሏቸው። መነኩሴው እስከ በሩ ድረስ ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ ታልፒዮት ልምጣ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ስነሣ ብዕሬን አሥሬ አስቀምጬዋለሁ።

አያ ፈረደ በኢየሩሳሌም የኢንዱስትሪ ሰፈር ታልፒዮት ውስጥ፣ በጋራዦች መካከል፣ በአንድ የእህልና የመኖ መጋዘን ይሠሩ ነበር። እኔም በሳምንት ሁለት ፈረቃ እዚያ ጆንያ እሸከም ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ሁለት ትልልቅ የቆርቆሮ ጎተራዎች አሉ። የአንደኛው ክዳን በጣራው ጠርዝ ላይ ሲሆን በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ከአቪ ዘንድ ነው፤ የወሰደም የመለሰም ይፈርማል። አያ ፈረደ እዚያ በኮንትራት መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጓቸው ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ እዚህ ቅቢዑት ይሉታል። ስድሳን ለተጠጋ፣ ዕብራይስጡ ለተሰባበረ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለእሳቸው ግን ከዚህም በላይ ነበር፤ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ የሚያውቁት ነገር እውቀት ተብሎ ሊቆጠርላቸው የቀረበው ያኔ ብቻ ነው።

በመከር ወቅት አንደኛው ጎተራ ማሽላ ተሞላ። በታኅሣሥ ግድም ከሚውለው ከኸኑካ በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት ብርዱ ጠነከረ። አያ ፈረደ እሑድ ዕለት ቁልፉን ፈርመው ወሰዱ፤ መሰላሉን ወጥተው፣ የወይራው ዘንግ ስለሌለ ረጅም ብረት እህሉ ውስጥ ሰኩ፤ መዘው ከንፈራቸው ላይ አስነኩት። ሙቅ ነበር። ከዚያም በወገራ ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ፤ ክዳኑን እስከ ሐሙስ ገርበብ አድርገው ተዉት። በጎንደር ውርጭና ዝናብ አብረው አይመጡም፤ ውርጩ የሚበረታው ሰማዩ ጠርቶ ነው። በኢየሩሳሌም ግን ሁለቱም የሚገቡት በአንድ በር ነው። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ብቻ ሊሳሳተው የሚችል ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ከሆነ።

ከሳምንታት በኋላ ጎተራው ለሽያጭ ሲከፈት ላይኛው ማሽላ ስንዝር ያህል ጠቁሮ፣ ተጋግሮ፣ በቅሎም ተገኘ። አቪ የቁልፉን መዝገብ ገልጦ አየ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያየ ሠራተኛም ተገኘ። ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ሰውዬው በክረምት ክዳን ከፍቶ ዝናብ አስገባ ተባለ።

አያ ፈረደ ሲጠሩ መሰላሉን ወጥተው አይተው ነበር። ወርደው የነገሩኝን አልረሳም፤ ይህን እንኳ አልረሳም። የበሰበሰው መካከሉ ነው አሉ፤ በክዳኑ ሥር ያለው ማሽላ ደረቅ ነው። ዝናብ ቢሆን በአፉ በኩል ነበር የሚያረጥበው። ይህ ከታች በመካከል ወጥቶ፣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ፣ ተመልሶ የተንጠባጠበ የራሱ የማሽላው ላብ ነው፤ አራት ቀን መክፈቴ አልበቃውም እንጂ አልጎዳውም አሉ። የቤተ ሙከራችን ሣጥን ታየኝ፤ ቀዩ ቀለም በመካከል ሲወጣ፣ በጎን ሲወርድ። አንድም ቃል ስሕተት አልነበረበትም።

ከማሰናበት በፊት ሠራተኛውን መስማት ሕግ ስለሆነ ቀጠሮ ተያዘ። አያ ፈረደ በአስተርጓሚነት እኔን መረጡ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ አራት ገጽ በዕብራይስጥ ጻፍኩ፤ ቀስት የተሣለባቸው ሥዕሎች፣ ቀመሮች፣ የእህሉና የቆርቆሮው ሙቀት ልዩነት፣ ሁሉም አለበት። ፕሮፌሰሬ አንብቦ «ትክክል ነው፤ ግን መለኪያ የለህም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለመለካት ቴርሞሜትሮች ይዤ ስሄድ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ ጠበቀኝ።

አያ ፈረደ ነጭ የሰንበት ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። አቪ ጠረጴዛው ላይ የቁልፉን መዝገብ ዘርግቷል፤ አጠገቡ አንዲት ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ክዳኑን ከፍቶት እንደ ነበር ጠይቀው አለኝ። እኔ ወደ አያ ፈረደ ዞሬ፣ ጥያቄውን ከመተርጎሜ በፊት ዝቅ ባለ ድምፅ «አያ፣ ረሳሁት ይበሉ፤ እሱ ይሻላል» አልኳቸው።

«ያልረሳሁትን?» አሉ። «አውቄ ነው የከፈትኩት። እንዲተነፍስ።»

ይህንኑ ተረጎምኩ። አቪ ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ለፍትሕ ስል እጽፋለሁ። የደከመው ሰው ነበር፤ ከበላዩም የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። እኔ አራቱን ገጽ አውጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሥዕል እያሳየሁ ሳለ ወረቀቱን በእጁ ከደነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አያስፈልገኝም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ አለ፤ በዚያ ሳምንት ዘንቧል ወይስ አልዘነበም?

ለአያ ፈረደ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እዚህ አገር ከሰንበት በቀር ቀኑ ይምታታብኛል። ተማሪውን ጠይቁት በላቸው። እሱ የማያውቀውን አይናገርም።»

አቪ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም አስታወስኩ። በኢትዮጵያ ጎዳና ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ፣ በግቢው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲንጣጣ፣ ድመቶቹ ከደረጃው ሥር ሲገቡ፣ እኔም ስለ ታልፒዮቱ ማሽላ ሳስብ ታየኝ። ሥዕሉ ግልጽ ነበር። እውነተኛ መሆን ፈለግሁ፤ ላግዛቸው ብዬ እንደማልዋሽ ለማሳየትም ፈልጌ ይሆናል።

«አዎን» አልኩ በዕብራይስጥ፣ «የዘነበ ይመስለኛል።»

ጸሐፊዋ ጻፈችው። ከዚያ የራሴን መልስ ለእሳቸው መተርጎም ነበረብኝ።

«ዘንቧል?» አሉኝ።

«ዘንቧል፣ አያ።»

ይመስለኛል የሚለውን ሳልተረጉመው ቀረሁ። ለምን እንደ ቀረ አላውቅም። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ብቻ ይሆናል፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አያ ፈረደ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የቀረበላቸውን ወረቀት ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ፈረሙ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ከጋራዡ የጎማ ሽታ ይመጣ ነበር። ዝናቡ ዘነበም አልዘነበም የበሰበሰው መካከሉ ነው፣ ሳይንሱ ከእርስዎ ጋር ነው፣ ይግባኝ እንበል እያልኩ ለፈለፍኩ።

«ዘንቦ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሰማዩን ሳላውቅ ነው የከፈትኩት።»

«አያ፣ እርስዎ ራስዎ ላብ ነው አላሉም ወይ?»

«ብዬ ነበር። አንተ ግን ዘንቧል አልክ።»

ከዚያ በኋላ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ጠራጊ ሆኑ። ለዚያ ሥራ አላዘኑም፤ ሥራ አይንቁም ነበር። እኔን ያበሳጨኝ፣ እስከ ዛሬም የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እህል መንካት አቆሙ። ገበያ ላይ የተከፈተ ጆንያ ባዩ ቁጥር እጃቸውን እስከ ክርን የሚሰዱት ሰው አሁን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያልፋሉ። አባ ተክለ በርሜላቸው እንደገና ሸትቶባቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ከክፍሌ ደጃፍ ሆኜ ሰማሁ። «ሌላ ሰው ይጠይቁ አባ። እኔ የማውቀው የዚያኛውን አገር ሰማይ ነው» አሏቸው። መነኩሴው ቀልድ መስሏቸው ሳቅ ሊሉ ጀመሩና ፊታቸውን አይተው ተዉት።

እኔ ግን ይህን በቀመር ላስተካክል ተነሣሁ። የጥናቴን ርእስ ለውጬ ማሽላ በበርሜል ሞላሁ፤ ዙሪያውን አቀዘቀዝኩት፤ በየስንዝሩ ቴርሞሜትር ቀበርኩ። አንዲት ጠብታ ውሃ ከውጪ ሳይገባ፣ ተዘግቶ በተቀመጠው በርሜል ውስጥ ላይኛው መካከል ረጠበ። በጤፍ ስሞክረው ምንም ያህል አልሆነም። ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ። አንዱን ቅጂ አስጠርዤ ለአያ ፈረደ ወሰድኩላቸው፤ የበርሜሉን ሥዕል ገልጬ፣ ይኸው፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ተረጋግጧል አልኳቸው። ሥዕሉን በጣታቸው ተከተሉት፤ በመካከል ሽቅብ፣ በጎን ቁልቁል። ለአፍታ የድሮው ፈገግታ የተመለሰ መሰለኝ።

«ዝናቡስ?» አሉኝ። «ዝናቡ እዚህ ውስጥ አለ?»

ለዚህ ማስረጃ ዝናቡ እንደማያስፈልግ አስረዳኋቸው።

«ላንተ አያስፈልግህም» አሉና መጽሐፉን ዘግተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «እኔ ክዳን ከፍቻለሁ።»

ያን ዕለት የጠየቁኝ ግልጽ ነበር፤ ቀላልም ነበር። ማሽላ እንዴት እንደሚያልበው አልጠየቁኝም፤ ያንን ከእኔ መወለድ በፊት ያውቁታል። የጠየቁኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘንቦ እንደ ሆነ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቴርሞሜትር ስቀብር የኖርኩ ሰው ይህንን ለመጠየቅ ግማሽ ቀን አላጣሁም። አልጠየቅሁም። ትዝታዬ ግልጽ ነበርና ማጣራት አላስፈለገኝም ብል ግማሹ እውነት ይሆናል። ሌላው ግማሽ፣ ትዝታዬ ልክ ባይሆን ምን ሊሆን እንደሚችል መፍራቴ ነው።

ለቅሶ ቤት ዝናሽ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አባቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በማለዳ መስኮት ላይ ቆሞ ሰማዩን የማየት ልማድ አምጥቶ እንደ ነበር ነገረችኝ። ምን ታያለህ ስትለው፣ የዚህን አገር ሰማይ እየተማርኩ ነው ይላት ነበር።

በሰባተኛው ቀን ማግስት ያረጁ ወረቀቶቼን አወጣሁ። የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ከእኔ ዘንድ ነበር፤ ቁልፉ የተወሰደበትና የተመለሰበት ቀን ተጽፎበታል። ወረቀቱን ይዤ የከተማዋ የዝናብ መለኪያ መዝገብ ወደሚገኝበት ክፍል ሄድኩ። አንዲት ሠራተኛ ምንም ሳትጠይቀኝ ጥራዙን አምጥታ ሰጠችኝ፤ ገጹን ለማግኘት ያን ያህል ጊዜ አልፈጀብኝም። አያ ፈረደ ክዳኑን ከከፈቱበት እሑድ አንሥቶ እስከ ዘጉበት ሐሙስ ድረስ በየቀኑ ትይዩ ዜሮ ተጽፏል። እኔ የማስታውሰው ዝናብ የዘነበው በተከታዩ ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ ክዳኑ ተቆልፎ ቁልፉ ከአቪ መሳቢያ ውስጥ ነበር።